ጥርስ ላይ የቀረ ክፉ ቀን

ከጣራ ገዳምና ከአዲስ ዘመን አካባቢ ደብረ ታቦር ድረስ ለሕክምና የሚመጣ ሰው አፉን ሲከፍትልኝ፣ ያመመውን ካየሁ በኋላ ዓይኔ የፊት ጥርሱ ላይ ይቆያል። አንዳንዱ ጥርስ ላይ አግድም የሄደ ጎድጓዳ መስመር አለ። ብዙዎች «ባለመፋቄ ነው?» ይሉኛል። አይደለም፤ አለመፋቅ አያመጣውም፣ መፋቅም አያጠፋውም።

ኢናሜል የሚባለው የጥርስ ልባስ የሚሠራው ጥርሱ ከድድ ከመውጣቱ በፊት ነው። የቋሚዎቹ የፊት ጥርሶች ልባስ ከተወለድን ከጥቂት ወራት በኋላ ጀምሮ እስከ አራት አምስት ዓመታችን ይሠራል። በዚያ ጊዜ ሕፃኑን ረሃብ ካጠቃው ወይም ከባድ ትኩሳት ከጣለው ሥራው ይስተጓጎላል፤ ሲያገግም ይቀጥላል፣ መስመሩ ግን ይቀራል። አጥንት ዕድሜ ልክ ይታደሳል፤ ልባስ አይታደስም። ስለዚህ መስመሩ ያለበትን ከፍታ ለክቶ ሰውየው በስንት ዓመቱ ገደማ እንደተጎዳ መገመት ይቻላል። ምን እንደጎዳው ግን አይታወቅም። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ወረዳን የመታው የካላ አዛር በሽታ፣ የፎገራ ወባና ረሃብ አንድ ዓይነት ምልክት ሊተዉ ይችላሉ።

የጥንት አጽም አጥኚዎች የሚያነቡት ይህንኑ ምልክትና ሰዎቹ የሞቱበትን ዕድሜ ነው። እንግሊዝ አገር ዶርሴት ውስጥ ሬቤካ ሬድፈርንና ሻሮን ዴዊት ከሮም ወረራ በፊትና በኋላ የተቀበሩትን ሲያነጻጽሩ፣ በሮም ዘመን በተለይ ሕፃናትና አረጋውያን ለሞት ይበልጥ ተጋልጠው አገኟቸው። መንገድና ከተማ ያስፋፋ ግዛት ለደካማው አልሆነለትም።

እኔ የማስበው ስለዚህ ስለ እኛ ደጋ ነው። ደብረ ታቦር የአፄ ቴዎድሮስ መናገሻ ነበረች። ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ሲሠራ፣ ያንን ሁሉ ሠራዊት የሚቀልበው የበጌምድር ባላገር ጎተራ ነበር። ከዚያም በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመሩበት፤ ክፉ ቀን ሆነ። እዚሁ ደብረ ታቦር የተወለደው የቴዎድሮስ ልጅ የልዑል ዓለማየሁ አጽም ከዊንዘር እንዲመለስ እንጠይቃለን፤ ተገቢ ነው። በዚያው ዘመን በዚሁ ደጋ ያደጉ የገበሬ ልጆች ምን በልተው፣ ስንት ጊዜ ታመው እንዳደጉ ግን የጠየቀ አላየሁም። ዜና መዋዕሉ የሚዘግበው ዘመቻውን ነው።

አንድ ነገር ዘወትር ያሳስበኛል። መስመር ያለበት ጥርስ የተረፈ ልጅ ጥርስ ነው። ረሃቡ በሳምንታት የገደለው ልጅ ልባሱ ላይ ምንም ሳይታይ ሊቀበር ይችላል፤ ንጹሕ ጥርስ አይቶ «ይህ ጤነኛ ነበር» ማለት ሟቹን መበደል ነው። ስለዚህ ሟቾቹ የሞቱበትን ዕድሜ ከጥርሳቸው ዕድገት አውጥቶ፣ ምን ያህል ሕፃናት አብረው እንደተቀበሩ መቁጠር ያስፈልጋል።

መቃብር ይቆፈር አልልም፤ ያረፈ ይረፍ። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ሲታደስ፣ መሠረት ሲወጣ፣ የቆየ አጽም ብቅ ይላል፤ ካህናቱም በጸሎት መልሰው ያሳርፉታል። በዚያ መካከል፣ አስተዳዳሪው ከፈቀዱ፣ አንድ ባለሙያ አጠገባቸው ቆሞ ጥርሱን ፎቶ ቢያነሳ፣ ቢለካና ቢመዘግብ በቂ ነው። ምንም ነገር ከግቢው አይወጣም። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎችና የሀገረ ስብከቱ ሰዎች ተስማምተው የሚሞሉት አንድ የጋራ ቅጽ ቢኖር፣ ሥራው ከሚቀጥለው ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሊጀመር ይችላል።