ከአስኮ ማዶ የሚጀምረው ክልል

ከአዲስ አበባው አስኮ ተነሥቶ ኦሮሚያ ክልል ቡራዩ የሚገባ የሚኒባስ ተሳፋሪ የክልል ወሰን ማለፉን ልብ አይለውም። መታወቂያው ግን ያስታውሰዋል። አዲስ አበባ ውሎ ቡራዩ፣ ሰበታ ወይም ሱሉልታ የሚያድር ሰው የከተማዋን ኮንዶሚኒየም ልመዝገብ ቢል አይችልም፤ ዕጣው ለአዲስ አበባ ነዋሪ ነው። እዚያ ዳር ድረስ ያወጣው ደግሞ የመሐል ከተማው ኪራይ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. በአንቀጽ 49(5) አዲስ አበባ በኦሮሚያ መሐል በመሆኗ ክልሉ ልዩ ጥቅሙ እንደሚጠበቅለት ደነገገ፤ ዝርዝሩንም ለሕግ ተወ። ረቂቁ የሚኒስትሮች ምክር ቤትን ያለፈው ሰኔ 2009 ነበር፤ አዋጅ ሆኖ ግን አልወጣም። ቡራዩ አጠገብ ያለው የገፈርሳ ግድብ ውኃ በዚህ ሁሉ ጊዜ ወደ ከተማዋ ሲወርድ ኖሯል።

ሰው የአዲስ አበባንና የኦሮሚያን ጠብ የካርታ ጠብ አድርጎ ያወራዋል። ለእኔ ዋናው የካሳው ስሌት ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት በልማት ስም ለዘለቄታው የተነሣ ገበሬ የሚያገኘው የዓመታዊ ገቢውን አማካይ 10 እጥፍ ነበር። ጤፉ ይቆጠርለታል፤ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነውና ዋጋ የለውም። ያው መሬት በማግሥቱ በካሬ ሜትር ተሰልቶ በሊዝ ይሸጣል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 እጥፉን 15 አደረሰው እንጂ ለመሬቱ ዋጋ አልሰጠም።

ይህን ያየ ገበሬ አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ያቀናጀውን ማስተር ፕላን እንዴት ይመን? ተቃውሞው በሚያዝያ 2006 ተነሣ፣ ኅዳር 2008 ከጊንጪ ዳግም ተቀጣጠለ፤ ብዙ ሕይወት ከጠፋ በኋላ ዕቅዱ ጥር ላይ ተሰረዘ። የመሬቱ ሽያጭ ግን አልቆመም። ገበሬው ካሳ ከመጠበቅ በመንደር ውል ለግለሰብ መሸጥን መረጠ፤ ገዢውም የጨረቃ ቤት ሠራ።

ነሐሴ 2014 አዲስ አበባና ኦሮሚያ በወሰኑ ተስማሙ። በ2015 ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ከሌሎች የዙሪያው ከተሞች ጋር ሸገር በሚባል ከተማ፣ በ12 ክፍለ ከተሞች ተጠቃለሉ። የቤት ፈረሳው ከዚያ በኋላ በረታ፤ መስጊዶችም ሲፈርሱ ግንቦት 2015 ቁጣው አዲስ አበባ አንዋር መስጊድ ደረሰ። ቤቱ የፈረሰበት ገዢ በመንደር ውሉ ሻጩን ከስሶ መሬቱን ማስመለስ አይችልም፤ ሕገ መንግሥቱ የመሬት ሽያጭን ስለሚከለክል ውሉ ከመነሻውም አይጸናም።