ቄጠማ ሽንኩርትና አበባው፤ ስለ ስያሜው፣ ስለ አቀጣጠፉና ስለ አዘገጃጀቱ

በአውሮፓና በሩቅ ምሥራቅ የምግብ አዘገጃጀት መጻሕፍት ዘንድ የተለመደ፣ ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን ተርጓሚውን በየመሥመሩ የሚያስቆም አንድ ርእስ አለ። ይኸውም በእንግሊዝኛ ቻይቭ፣ በፈረንሳይኛ ሲቡሌት፣ በጀርመንኛ ሽኒትላውኽ የሚባለው ቀጭን የሽንኩርት ዓይነት አበባው እንዴት ተቀጥፎ ለመብል እንደሚዘጋጅ የሚያስረዳው ክፍል ነው። ነገሩን ከላይ ላየው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ስያሜው በጥንቃቄ ካልተመረጠ ጉዳቱ በቋንቋ ላይ ብቻ የማይቆምበት ምክንያት ስላለ፣ ጉዳዩን ከተክሉ ስም ጀምረን እንመለከተዋለን።

ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ለተክሉ የሰጠው ስም አሊዩም ስኮይኖፕራሱም የሚል ነው። የመጀመሪያው ቃል በላቲን ነጭ ሽንኩርት ማለት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሁለት የግሪክ ቃላት የተጣመረ ነው፤ «ስኮይኖስ» ቄጠማ መሳይ የውሃ ዳር ተክል፣ «ፕራሶን» ደግሞ በገበያችን ባሮ ሽንኩርት የምንለው ነው። ደቾችም በዚሁ መንገድ ሄደው ተክሉን የቄጠማ ሽንኩርት እንደ ማለት ቢስሎክ ይሉታል። ስዊድኖች ሣርን መርጠው ግሬስሎክ፣ ጀርመኖች ደግሞ ተቆርጦ ተመልሶ የሚያድግ መሆኑን አይተው «የሚቆረጥ ሽንኩርት» ብለውታል። ሩሲያኛ የጀርመኑን ስም ተውሶ ሽኒት-ሉክ ይላል።

ለአማርኛ «ሣር ሽንኩርት» እና «ቄጠማ ሽንኩርት» ሁለቱም ሊታሰቡ ይችላሉ። እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን። ሣር ያልተወሰነ፣ ብዙ ነገር የሚያቅፍ ቃል ነው፤ ቄጠማ ግን ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ለስላሳና ቀጭን፣ ከሥሩ ታጭዶ ወደ ቤት የሚገባ ነገር ሆኖ ለሰሚው ወዲያው ይታየዋል። በመሆኑም የግሪኩን ምስልና የጀርመኑን «መቆረጥ» አንድ ላይ ይይዛል። የቃላቱ ተራም መገለባበጥ የለበትም። በአማርኛ ጥምር ስም ዋናው ቃል ኋለኛው ነውና፣ ጠጅ ሣር ሣር፣ አበባ ጎመንም ጎመን እንደ ሆነ ሁሉ ቄጠማ ሽንኩርትም ሽንኩርት ነው። «ሽንኩርት ቄጠማ» ቢባል ለመጎዝጎዝ የሚሆን ነገር ይመስላል።

በነገራችን ላይ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 ቁጥር 5 ላይ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ኩራት» የሚል የአትክልት ስም ይገኛል። ከዐረብኛው ኩራስ ጋር አንድ ዘር ያለው ሲሆን በዚያ ስፍራ ባሮ ሽንኩርትን ያመለክታል። ዕብራይስጡ በዚሁ ቦታ የሚጠቀምበት «ሐጺር» በሌላ ስፍራ ሣር ማለት ስለ ሆነ፣ ሽንኩርትን በሣር መጥራት የጥንት ልማድ መሆኑን ያሳያል። ኩራትን ለዛሬ ስያሜ ማንሣት ግን አይበጅም፤ «ኩራት ከትፈህ ጨምር» የሚለውን ትእዛዝ ሳይስቅ የሚያነብ አይገኝም።

አሁን ወደ አበባው እንምጣ። በውጭ አገር መጻሕፍት ርእስ ላይ የሚገኘውን ሐረግ አብዛኛው ተርጓሚ «የሚበላ አበባ» ብሎ ይመልሰዋል። ፊደላችን ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን ስለማይለይ፣ «የሚበላ» የሚለው ቃል «በ» እና «ላ» ላልተው ሲነበቡ በዪውን፣ ጠብቀው ሲነበቡ ተበዪውን ያመለክታል። ነፍሳትን የሚበሉ ዕፀዋት በእርግጥ ስላሉ፣ በዕፀዋት ጽሑፍ ውስጥ አሻሚነቱ የቀልድ አይደለም። ስለዚህ «ለመብል የሚሆን አበባ» ማለት ይሻላል። አገራችን አበባን ወደ አፍ ማድረስ አዲስ ባይሆንባትም፣ የታወቀው ምሳሌ ኮሶ ነው፤ እርሱም ለመድኃኒት የሚጠጣ እንጂ ለጣዕም የሚበላ አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳስበው «የሽንኩርት አበባ» የሚለው ልቅ ትርጉም ነው። በአገራችን ሥራቸው ሽንኩርት የሚመስል፣ አበባቸው የሚያምር የዱር ተክሎች «የጅብ ሽንኩርት» ይባላሉ፤ በዚህ ስም ከሚጠሩት መካከል ላይኮሪን የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ያለባቸው አሉ። ከዚህም በላይ የዕፀዋት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት አመዳደብ ሽንኩርትም እነዚህም ተክሎች በአንድ ቤተሰብ ሥር ስለ ገቡ፣ «የዚህ ቤተሰብ አበባ ይበላል» ብሎ የሚጽፍ ሰው አንባቢውን ለአደጋ ያጋልጣል። ተርጓሚው የተክሉን ሙሉ ስም መጻፍና መለያውንም ማከል ይኖርበታል። መለያው ቅጠሉ ሲታሽ የሚወጣው የሽንኩርት ሽታ ነው። ሽታው በእጅ ላይ ስለሚቀር ግን፣ አንዱን ካሹ በኋላ ሌላውን በዚያው እጅ መፈተን ያሳስታል፤ ቅጠሉን አሽቶ ማሽተት የሚሻለውም ሰውዬው ተክሉን ራሱ ተክሎ ሲያውቀው ነው።

የአቀጣጠፉ ቃላት ብልጽግና የአማርኛ ሀብት ነው፤ አንዱ የእንግሊዝኛ ግሥ ለሁሉም ሲያገለግል እኛ ብዙ አሉን። አበባው በእምቡጥነቱ በስስ ገለፈት ተሸፍኖ ይቆያል። በሰሜኑ የዓለም ክፍል በግንቦትና በሰኔ ገለፈቱ ሲቀደድ፣ ከ10 እስከ 30 ያህል ጥቃቅን አበቦች የተሰበሰቡበት ድቡልቡል ራስ ይወጣል። ጊዜው ራሱ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ገና ሳይጠወልግ፣ በማለዳ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ነው። እዚህ ላይ «ማጨድ» የሚለው ከመከር ጋር ስለሚያያዝ አይሆንም፤ «መልቀም» ፍሬን ያስባል፤ ለአበባው «መቅጠፍ» ይበቃል። አበባውን የተሸከመው ዘንግ ግን ጠንካራና ለማኘክ የማይመች ስለ ሆነ፣ ከሥሩ «ይቆረጣል»። ይህ ሲደረግ አዲስ ቅጠል ያቆጠቁጣል፣ ዘሩም በየቦታው አይበተንም። ቀጥሎ ራሱ ተራግፎ በውስጡ የተደበቁ ነፍሳት ይወጣሉ፤ ከዚያም ጥቃቅኖቹ አበቦች በጣት ከራሱ ይለያያሉ። ለዚህ ከበቆሎ ራስ ፍሬ እንደ ማውጣት «መፈልፈል» የሚለውን እንመርጣለን።

ወጥ ቤት ሲገባ ደግሞ አንዱ ቃል ራሱ ወጥመድ ይሆናል። ሽንኩርት ለአማርኛ ተናጋሪ ቁሌት ነው፤ እጁም ብዕሩም ወደ «አቁላላ» ይሄዳል። ይህ አበባ ከተቁላላ ግን ጣዕሙን የሚሰጡት ተናኝ ውህዶች ስለሚጠፉ፣ ከቀረው ይልቅ የጠፋው ይበልጣል። አበባው በበሰለ እንቁላል ወይም በሰላጣ ላይ «ይነሰነሳል»፤ ከሳሳ ሊጥ ነክሮ በፍጥነት መጥበስ የሚፈቀደው ለሙሉው ራስ ነው። በለሰለሰ ቅቤ የሚለወሰውንም «በቅመም የተሠራ ቅቤ» ማለት ንጥር ቅቤን ያስመጣል፤ በእሳት ያልነጠረ መሆኑን ለማሳየት «በአበባ የተለወሰ ለጋ ቅቤ» ማለት ያሻል።

በቻይና የሚበላው አበባ የዘመዱ የአሊዩም ቱቤሮሱም ነው፤ ቅጠሉ ጠፍጣፋ፣ አበባው ነጭ ነው። ስሙ «ጅዮ» ሲሆን፣ ሹ ሸን እ.ኤ.አ. በ100 ዓ.ም. ባጠናቀቀው የፊደል መዝገብ ውስጥ ስሙን አንድ ጊዜ ተተክሎ «ረዥም ጊዜ» ከሚኖርበት ባሕርይው ጋር ያያይዘዋል፤ በቻይንኛ የሁለቱ ቃላት ድምፅ አንድ ነውና። እ.ኤ.አ. ከ873 እስከ 954 የኖረው ያንግ ኒንግሺ ስለ ተላከለት የዚህ ተክል አበባና የበግ ሥጋ ያመሰገነበት አጭር ደብዳቤም እስከ ዛሬ የብዕር ጥበብ ተማሪዎች የሚያጠኑት ነው። አበባው ዛሬም ከጨው ጋር ተፈጭቶ ከተቀቀለ የበግ ሥጋ ጋር ይቀርባል። ይህንን «ሶስ» ወይም «ወጥ» ከማለት ይልቅ «የአበባ ዳጣ» ማለት አዘገጃጀቱን ይበልጥ ያስረዳል።

የቀረን የኮምጣጤው ነገር ነው፤ በወጥ ቤት ከጣሊያንኛ የመጣው «አቼቶ» ይበልጥ ቢለመድም፣ ለመዝገበ ቃላት ኮምጣጤን እንይዛለን። ራሶቹ ከነጭ ወይን በተሠራ ኮምጣጤ ውስጥ ተዘፍዝፈው፣ ከብርሃን በራቀ ቦታ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ሲቆዩ፣ በአበባው ውስጥ ያለው አንቶሳያኒን የተባለ ቀለም በኮምጣጣው ምክንያት ወደ ቀይ ስለሚያደላ ፈሳሹ ጽጌረዳ መልክ ይይዛል፤ ከዚያ ይጠለላል። የአበባውን ቀለም «ወይን ጠጅ» ያለ ተርጓሚ በዚህ ስፍራ «ወይን ጠጅ አበባ በነጭ የወይን ጠጅ ኮምጣጤ» ብሎ ለመጻፍ ስለሚገደድ፣ ለቀለሙ «ሐምራዊ» የሚለውን እንዲይዝ እንመክራለን።