«አጣባቂ» ወይስ «አያያዥ»፦ ስለ ካድሄሪን የአማርኛ ስያሜ

የሕክምና ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ ስያሜ ከሚያስቸግርባቸው ነገሮች አንዱ ሕዋስን ከሕዋስ ጋር የሚያገናኘው የፕሮቲን ወገን ነው። ከዚህ ወገን በካንሰር ጥናት ዘወትር የሚነሣው ኢ-ካድሄሪን ነው። «ካድሄሪን» የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጡት ጃፓናዊው ማሳቶሺ ታኬይቺና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ፕሮቲኑ የሚሠራው ካልሲየም ሲኖር በመሆኑ፣ ስሙ የተዋቀረው ካልሲየምንና መያያዝን ከሚያመለክቱ ቃላት ነው። ይህ ስም እንዳለ ቢወሰድ ተገቢ ነው፤ የሚያከራክረው የወል ስያሜው ነው።

ለተርጓሚው ቀድሞ የሚታየው «አጣባቂ» የሚለው ቃል ነው። ይሁን እንጂ ማጣበቂያ በሁለት ነገሮች መካከል የሚገባ ሦስተኛ ነገር ነው። ኢ-ካድሄሪን ግን የሕዋሱ የራሱ አካል ነው። የሕዋሱን ሽፋን አልፎ በውጭ በኩል ከጎረቤት ሕዋስ የወጣውን መሰሉን ይይዛል፤ በውስጥ በኩል ደግሞ ካቴኒን በሚባሉ ፕሮቲኖች አማካይነት ከሕዋሱ ማገር ጋር ይታሰራል። አያያዙ የእርስ በርስ ስለሆነ «ተያያዘ» የሚለው ግስ ይስማማዋል። ሆኖም «ተያያዥ ፕሮቲን» ቢባል በዛሬው አነጋገር «ተዛማጅ» ማለት ይመስላል። ስለዚህ «ሕዋስ አያያዥ ፕሮቲን» ይመረጣል፤ በኅትመት ጊዜ ግን ከ«አያያዝ» ጋር እንዳይምታታ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ኢ-ካድሄሪን ሲጎድል ሕዋሳት ይላቀቃሉ። ሎቡላር በሚባለው የጡት ካንሰር ሕዋሳቱ ነጠላ ነጠላ ሆነው የሚታዩት በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በኒውዚላንድ ማኦሪ ቤተሰቦች ላይ የወጣው ጥናትም የፕሮቲኑ ዘረመል ጉድለት በዘር ለሚወረስ የጨጓራ ካንሰር መንሥኤ መሆኑን አሳይቷል። ይሁንና ፕሮቲኑ ሳይጠፋ ወደ ሌላ አካል የሚያልፍ ካንሰርም ስላለ፣ «ካንሰር አጋጅ» ብሎ መሰየም ያሳስታል።

ይህ ማለፍ «መዛመት» ሲባል ሌላ ችግር ይከተላል፤ «ተዛማች» በሽታ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነውና። በሐዋሳ ከተማ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የምርመራ ውጤት ለበሽተኛው በአማርኛ፣ ለቤተሰቡም የክልሉ የሥራ ቋንቋ በሆነው በሲዳምኛ ሊነገር ይችላል። በመጀመሪያው ትርጉም «ተዛመተ» የተባለው በሁለተኛው «ይጋባል» ሆኖ ቢደርስ፣ አስታማሚው ከበሽተኛው ሊሸሽ ይችላል። «ሕዋሳቱ ተላቀው ወደ ሌላ አካል ተሻገሩ» ቢባል ግን አሳሳች ትርጉም አይገባበትም። እንግዲህ «መያያዝ»፣ «መላቀቅ» እና «መሻገር» በአንድነት ቢወሰኑ፣ የበሽታው አካሄድ ለሐኪሙም ሆነ ለአስታማሚው በአንድ ዓይነት ቃል ይገለጣል።