ሥራ በበዛበት ቤት ፈጥኖ ስለሚደርስ ምግብ

ሥራ የሚበዛበት ቤተ ሰብ በጥቂት ገንዘብ ምን በልቶ ይደር? ይህ ጥያቄ ለምርምር መጽሔት ያነሰ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በአዲስ አበባ ከተማ ባልም ሚስትም ተቀጥረው በሚሠሩበት ቤት በየማታው የሚነሣ ጥያቄ ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ከሥራ የወጣ ሰው ለታክሲ ተሰልፎ ቤቱ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ያልፋል። ልጆቹ ርቧቸዋል፤ ጉልቱም ተበትኗል፤ የወር ደመወዝም በየቀኑ ሥጋ አያስገዛም። እንግዲህ ምን ይሠራ?

በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ይኸውም፣ ርካሽ ሆኖ ቶሎ የሚደርስ ምግብ በአገራችን ማድ ቤት ከጥንትም ሞልቶ ይገኛል፤ ዳሩ ግን ቶሎ የሚደርሰው ድካም የሌለበት ስለ ሆነ ሳይሆን ድካሙ አስቀድሞ በሌላ ቀን ስለ ተከፈለ ነው። ስለዚህ መፍትሔው አዲስ የወጥ ዓይነት መፈለግ ብቻ አይደለም፤ የቅድሚያው ሥራ መቼ እንደሚሠራና ማን እንደሚሠራው መወሰን ነው።

ለማስረጃ ያህል የምኖርበትን የአክስቴን ቤት ለሦስት ሳምንት ሰዓት ይዤ ተመልክቻለሁ። በቤቱ የምንኖረው ስድስት ሰዎች ነን፤ አክስቴ፣ ባልዋ፣ ሦስት ልጆቻቸውና እኔ። አንድ ቤት ለከተማው ሁሉ ምስክር እንደማይሆን አውቃለሁ። ሆኖም የሥራው ዓይነት ብዙ አንባቢዎች በየቤታቸው ከሚያውቁት የሚለይ አይመስለኝም። ዋጋን በብር አልጠቀስሁም፤ የገበያ ዋጋ ጽሑፉ ታትሞ ሳይወጣ ይለወጣልና። የቆጠርሁት መጠንንና ሰዓትን ነው።

1ኛ፤ ስለ ሽሮ

በመጀመሪያው ማታ አክስቴ ቦርሳዋን አስቀምጣ ሽንኩርት መክተፍ ከጀመረችበት እስከ ተበላበት ድረስ የፈጀው 30 ደቂቃ ነበር። ለስድስት ሰው ሁለት ብርጭቆ ሽሮ፣ ሰባት ብርጭቆ ያህል ውሃ፣ ሁለት ራስ ሽንኩርት፣ ጥቂት ዘይትና ነጭ ሽንኩርት በቃ። እኔም ሰዓቴን አይቼ፣ «እንዴት ፈጠነ!» ብል አክስቴ ሳቀችና፣ «ሽሮውን ዛሬ የሠራሁት ይመስልሃል እንዴ ልጄ? ሽሮው የተሠራው በጥቅምት ነው» አለችኝ።

ይህ አነጋገር የጥናቴ ቁልፍ ሆነልኝ። ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ሲጠነክር ሽንብራውና አተሩ ይለቀማል፣ ይታመሳል፣ ይከካል፣ ገለባውም ይበጠራል። ከዚያ በኋላ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ በሶብላና ሌላውም ቅመም ተመጥኖ ይጨመርበታል፤ እንደ ገና ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ በመጨረሻም ወፍጮ ቤት ሄዶ ይፈጫል። የብዙ ቀን ሥራ ነው። ነገር ግን ከዚህ በኋላ ቤተ ሰቡ ለወራት ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቶ ማንሰክሰክ ብቻ ይቀረዋል።

ሽሮ ፈጥኖ የሚበስልበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ያልተከካ ደረቅ ሽንብራ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ እንኳ ለመብሰል ረጅም ሰዓት ይፈልጋል፤ ውሃና ሙቀት እስከ ፍሬው መካከል ድረስ መግባት አለባቸውና። ዱቄት ሲሆን ግን እያንዳንዱ ቅንጣት ውሃውን ወዲያው ያገኛል፤ ከዚህም በላይ እህሉ አስቀድሞ በመታመሱ ከፊል ብስለት አግኝቷል። ስለዚህ ጊዜ የሚቆጥበው ወፍጮና ምጣድ ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ መጨመር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ሽሮም ሆነ በርበሬ እርጥበት ከገባበት ይሻግታል። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያወጣል፤ ይህም መርዝ በማብሰል በቀላሉ አይጠፋም። ስለዚህ ዱቄቱ በደንብ ደርቆ፣ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ መቀመጥ አለበት። ሁለተኛ፣ ተፈጭቶ የሚሸጥ ርካሽ ሽሮ ጓያ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ጓያ አልፎ አልፎ ጥቂት ቢበላ የከፋ ጉዳት ባያመጣም፣ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን የሚያሽመደምድና የማይድን በሽታ ያስከትላል። ጊዜ የሌለው ሰው ዱቄቱን መግዛቱ የማይቀር ከሆነ፣ ከሚያውቀውና ከሚያምነው ባለ ወፍጮ ቢገዛ ይሻላል።

2ኛ፤ ስለ እንጀራና ስለ ተረፈው እንጀራ

ሽሮው በ30 ደቂቃ ሲደርስ እንጀራው በሌማቱ ላይ ይጠብቀው ነበር። እንጀራም እንደ ሽሮ የቀደመ ድካም ነው። ሊጡ በእርሾ ተቦክቶ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቆያል፤ ከዚያም አብሲት ተጥሎበት ኩፍ ሲል ይጋገራል። የኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ኀይል ይስባል፤ እስኪግል ድረስ የሚፈጀውም ኀይል ምንም እንጀራ የማይወጣበት ስለ ሆነ፣ ሦስት ጊዜ ዐሥር ዐሥር ከመጋገር አንድ ጊዜ ሠላሳ መጋገር ያዋጣል። ሆኖም ያለ ማቀዝቀዣ የተቀመጠ እንጀራ ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በኋላ መሻገት ስለሚጀምር ከሚበላው አብልጦ መጋገርም ኪሳራ ነው። በአክስቴ ቤት በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጋገራል፤ እንጀራውም በደንብ ሳይቀዘቅዝ አይደራረብም፤ ላቦቱ ሻጋታ ያመጣልና።

የተረፈ እንጀራ ሳይሻግት ተቆራርሶ ፀሐይ ላይ ቢደርቅ ድርቆሽ ይሆናል። ድርቆሽ ለሳምንታት ሳይበላሽ ይቀመጣል፤ መንገደኛና ወታደር ጥንት ስንቅ ያደርጉት የነበረውም ስለዚህ ነው። ሽንኩርትና በርበሬ ተቁላልቶ ውሃ ሲፈላበት ድርቆሹ ተጨምሮ ፍርፍር ሲሠራ 20 ደቂቃ አልሞላም። የሻገተውን ግን ቆርጦ በማውጣት ማትረፍ አይገባም።

እንጀራውን ከሱቅ የሚገዛ ቤተ ሰብም ብዙ ነው። ይህ ነቀፋ የለበትም፤ የሌላ ሰው ጉልበትና ጊዜ በገንዘብ መግዛት ነው። ይሁን እንጂ ርካሽ ምግብ ሲባል ይህ ዋጋ አብሮ መቆጠር አለበት።

3ኛ፤ ርካሹ ምግብ ሰውነትን ይበቃልን?

ብዙ ሰው ሽሮን የድኻ ምግብ ነው ብሎ ይንቀዋል። ይህ ግን በጠቅላላው እውነት አይደለም። ፕሮቲን የሚሠራባቸው ክፍሎች ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ላይሲን የሚባለው በእህል ውስጥ ያንሳል፤ ጤፍ በዚህ ከስንዴና ከበቆሎ ቢሻልም። ጥራጥሬ ደግሞ ላይሲን ሞልቶት ሜታዮኒን የሚባለው ያንሰዋል። እንጀራው በሽሮ ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በስዊድን እርዳታ በተካሄደ የሕፃናት ምግብ ጥናት ተዘጋጅቶ ለገበያ የቀረበው ፋፋም ስንዴን ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር በማዋሐድ የተሠራው በዚሁ መሠረት ላይ ነው።

ጉድለት የሚታየው በሌላ በኩል ነው። በእህልና በጥራጥሬ ያለውን ብረት ሰውነት እንደ ሥጋ ብረት በቀላሉ አይወስደውም፤ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ይይዝበታልና። የሊጡ መቡካት ይህን ፋይቴት ይቀንሰዋል። ከሽሮው ጋር የሚቀርብ ጥሬ ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚም በቫይታሚን ሲ አማካይነት ብረቱን ለመውሰድ ይረዳል። በአንጻሩ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም እንደ ተበላ ወዲያው ሲጠጡ ያግዱታል። ስለዚህ ከእራት በኋላ ቡናውን አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ምንም ገንዘብ የማያስወጣ መድኀኒት ነው፤ በተለይም ለሴቶችና ለልጆች።

4ኛ፤ የሳምንት ሥርዓት

ከላይ የተመለከትነውን ይዘን በቤታችን አንድ ሥርዓት ሞከርን። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ለቅድሚያ ሥራ ተመደበ። በዚህ ጊዜ የሳምንቱ ምስር ይለቀማል፤ ጎመኑ ይታጠባል፤ ብዙ ሽንኩርት ተከትፎ በዘይትና በበርበሬ ቁሌት ይሠራል፤ ቁሌቱም ከግማሽ ሳምንት በላይ እንዳይቆይ በሁለት ዕቃ ተከፍሎ አንዱ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ሁለተኛው በረዶ ቤቱ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ የማታው ሥራ ይህን ይመስል ነበር፤

ሰኞ ሽሮ በቃሪያ ስንግ፤ ማክሰኞ ጎመንና ድንች፤ ረቡዕ በቁሌቱ የሚሠራ የምስር ክክ፤ ሐሙስ የድርቆሽ ፍርፍር፣ ሲቻል ከዕንቁላል ጋር፤ ዓርብ ማለዳ ተቀቅሎ የሚያድር ድፍን ምስር በሰናፍጭ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ አዚፋ ሆኖ። ለቁርስ ደግሞ ቂንጬ፣ ለሚቸኩል ተማሪም በውሃና በጨው የተበጠበጠ ወይም የተጨበጠ በሶ አለ፤ የገብሱ ቆሎ አስቀድሞ ስለ ተፈጨ እሳት እንኳ አይፈልግም።

አንባቢ እንደሚያስተውለው ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ነው። ይህም ልማዱ ያስተማረን ነገር ነው። የኦርቶዶክስ ጾም ቀናት ከሁዳዴው 55 ቀን ጀምሮ ሲደመሩ የዓመቱን ግማሽ ያህል ስለሚይዙ፣ ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ በጥራጥሬ ጥሩ ወጥ የመሥራት ብልሃት እናቶቻችን ዘንድ በብዛት ተከማችቷል። ቆጣቢ ምግብ የሚፈልግ ሰው፣ የሚጾምም ሆነ የማይጾም፣ በመጀመሪያ ሊማር የሚገባው ከዚህ ይመስለኛል።

5ኛ፤ ድካሙን የሚከፍለው ማን ነው?

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ስለ ሰዓት ነው። ሰዓቱ የማን እንደ ሆነ ስጠይቅ ግን ያልጠበቅሁትን አገኘሁ። ሥርዓቱ ከመጀመሩ በፊት በነበረው ሳምንት ቤቱ ባዶ ሆኖ አክስቴ የዘገየችባቸው ሦስት ማታዎች ነበሩ። በሦስቱም ማታ ከደብተሯ ተጠርታ ማድ ቤት የገባችው የስምንተኛ ክፍል ፈተና የምትጠብቀው የመጀመሪያዋ ልጅ ናት። ታናሽ ወንድሟ በዚያው ሰዓት ኳስ ይጫወት ነበር፤ እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰዓት ይዤ እጽፍ ነበር።

የእሑዱ ሥራ ሲመደብ ስለዚህ ጉዳይ ተነጋገርን። የአክስቴ ባል፣ «እኔ ማድ ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ባበላሽስ?» ቢሉ፣ አክስቴ፣ «ወፍጮ ቤት የሚሄድ ሰው ምን ያበላሻል? ምስር የሚለቅምስ?» ብላ መለሰች። ከዚያ ወዲህ ጋሼ እህል ተሸክመው ወፍጮ ቤት ይሄዳሉ፤ ልጁ ምስር ይለቅማል፤ ሽንኩርቱ የእኔ ድርሻ ሆነ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ልጅቱ በሥራ ቀን ማታ ለምግብ ሥራ የተጠራችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱም መብራት ጠፍቶ ሊጡ እንዳይኮመጥጥ በማገዶ በተጋገረበት ማታ ነው።

ከዚህ የምረዳው፣ ቀላል ምግብ የሚባለው ለበላተኛው ብቻ ቀላል ሆኖ እንዳይቀር መጠንቀቅ እንደሚገባ ነው። የቅድሚያው ሥራ ካልተከፋፈለ በአንድ ሰው ላይ ይወድቃል፤ ያም ሰው ብዙ ጊዜ እናት ወይም ሴት ልጅ ናት። የተከፋፈለ እንደ ሆነ ግን ያው ሽሮ፣ ያው ምስር፣ ያው እንጀራ ገንዘብንም ጊዜንም ያተርፋል፤ የልጅቱንም ደብተር አያስዘጋም።

ይህን የምታነቡ ጓደኞቼ፣ በየቤታችሁ አንድ ሳምንት ብቻ ሰዓት ይዛችሁ ብትመለከቱና ያገኛችሁትን ብትጽፉ የእኔ ጥናት ጉድለት ይታረማል። ሰዓቱን ስትይዙ ግን በሌላው እጃችሁ ሽንኩርት ብትልጡ መልካም ነው።