ሮም በልጅ ቁመት

ሮምን ልጆች ይዞ የሚጎበኝ ሰው ዕቅዱ የሚፈርስበት ብዙውን ጊዜ ከቀትር በፊት ነው። ጠዋት ኮሎሲየም፣ ቀጥሎ የጥንቱ ፎረም፣ ከሰዓት በኋላ ቫቲካን ተብሎ የወጣው ፕሮግራም አምስት ሰዓት ገደማ "እማዬ፣ ደከመኝ" የሚል ድምፅ ሲሰማ ያበቃለታል። አባት ካርታውን ያያል፣ እናት ሰዓቷን ታያለች፣ ልጁ መሬት ላይ ተቀምጦ ጠጠር ይለቅማል።

ጥፋቱ የልጁም የከተማዋም አይደለም። ለስድስት ዓመት ልጅ "ይህ የተሠራው ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ነው" ቢሉት ምንም አልነገሩትም፤ በእሱ ቤት አያቱም ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ነው የተወለዱት። "ይህ ነገር እንዴት ነበር የሚሠራው?" የሚለው ጥያቄ ግን ወዲያው ይይዘዋል። ሮም ደግሞ ለዚህ ጥያቄ መልሱን በየመንገዱ ዘርግታ የምትጠብቅ ከተማ ናት።

መጀመሪያ ውሃው አለ። በከተማዋ ጎዳናዎች ወደ 2,500 የሚጠጉ የመጠጥ ውሃ ቧንቧዎች ቀን ከሌት ይፈስሳሉ። ናሶኔ ይባላሉ፤ ከ1874 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተተከሉ የብረት ምሰሶዎች ሲሆኑ ቁመታቸው ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም። ውሃው የሚወርድበት ቆልማማ አፍ ከላይ በኩል አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለችው። የአፉን ጫፍ በጣት ድፍን ሲያደርጉት ውሃው መውጫ ያጣና በዚያች ቀዳዳ ወደ ላይ ይፈናጠራል፤ ጠጪው ሳያጎነብስ ይጠጣል። ይህን ያየ ልጅ ሁለተኛውን ናሶኔ ራሱ ፈልጎ ያገኛል፣ በሦስተኛው ላይ ታናሹን ያስተምራል፣ በአራተኛው ላይ አባቱን ያረጥባል። ወላጅ በበኩሉ ባዶ የውሃ ጠርሙስ ይዞ ከወጣ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ውሃ አይገዛም።

ከዚህ ወደ ትሬቪ ፏፏቴ መሻገር ቀላል ነው። ኒኮላ ሳልቪ የነደፈው ግዙፍ ፏፏቴ ያለቀው በ1762 ቢሆንም ውሃው የሚመጣበትን መስመር መጀመሪያ የዘረጋው ሮማዊው የጦር መሪ አግሪጳ ነው፤ በ19 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት። ልጆች የሚወረውሩት ሳንቲም ተለቅሞ ካሪታስ ለተባለው የካቶሊክ በጎ አድራጎት ድርጅት ይሰጣል። "ሳንቲሜ የት ሄደ?" ለሚል ልጅ መልሱ ይህ ነው።

ኮሎሲየም ግን ተዘጋጅተው የሚሄዱበት ቦታ ነው። ንጉሠ ነገሥት ቲቶ በ80 እ.ኤ.አ. ያስመረቀው ይህ ስታዲየም ምድር ላይ 80 ቅስቶች ነበሩት፤ ከእነዚህ 76ቱ ለተመልካች መግቢያ የተመደቡና በሮማውያን አኃዝ ቁጥር የተቀረጸባቸው ነበሩ። ተመልካቹ የያዘው ቲኬት በየትኛው በር እንደሚገባ ይነግረዋል፤ ዛሬ በስታዲየም የሚሠራበት አሠራር ማለት ነው። በሰሜን በኩል ካለው ግንብ ከ23 እስከ 54 ያሉት ቁጥሮች አሁንም ከቅስቶቹ በላይ ይነበባሉ። የሮማውያንን አኃዝ በትምህርት ቤት ለጀመረ ልጅ አንድ ቁጥር በወረቀት ጽፎ "በርህን ፈልግ" ማለት ከማንኛውም አስጎብኚ ይበልጣል።

በግድግዳው ላይ ያሉት ጉድጓዶችም ልጅ ሳይጠይቅባቸው አያልፍም። የጥይት ምልክት አይደሉም። ድንጋዮቹ እርስ በርሳቸው የተያያዙት በብረት ማሰሪያ ነበር፤ በመካከለኛው ዘመን ብረት ውድ ሲሆን ሰዎች ድንጋዩን እየቦረቦሩ ማሰሪያውን አወጡት። ከሜዳው በታች ደግሞ የኮሪደሮች መረብ አለ። አራዊቱ እዚያ በፍርግርግ ሳጥን ተዘግተው ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ሰዎች በጉልበት በሚያሽከረክሩት ዘንግ የሚንቀሳቀስ ሊፍት ወደ ላይ ያወጣቸዋል፣ የሜዳው ወለል ይከፈታል፣ አንበሳው ከመሬት የበቀለ ይመስላል። በ2015 የአንዱ ሊፍት አምሳያ ተሠርቶ እዚያው ተተክሏል። ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ መግቢያው ነጻ ነው፤ ቢሆንም የነጻውም ቲኬት ሰዓቱ ተመርጦ አስቀድሞ መያዝ አለበት። ያልያዘ ቤተሰብ ሕፃን አቅፎ ፀሐይ ላይ ይሰለፋል።

ፓንቴዮን ላይ ደግሞ ዝናብ የጣለበት ቀን ዕድለኛ ቀን ነው። በንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን ዘመን የተሠራው ጉልላት ስፋቱ 43 ሜትር ከ30 ሳንቲም ገደማ ነው፤ ከወለሉ እስከ አናቱ ያለው ከፍታም ያው ነው። ያን ያህል ስፋት ያለው ኳስ ቢኖር ልክክ ብሎ ይገባበታል። በአናቱ ላይ ያለው ክብ ቀዳዳ ክዳን የለውም፤ ዝናቡ ቀጥ ብሎ ቤት ውስጥ ይወርዳል። ታዲያ ወለሉ ለምን ኩሬ አይሆንም? ወለሉ መሐሉ ላይ ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው፣ ውሃውም 22 ትንንሽ ቀዳዳዎች እያገኘ ይሰርጋል። ልጆች ቀዳዳዎቹን ለመቁጠር አንገታቸውን ደፍተው ሲዞሩ ወላጅ ቀና ብሎ ጉልላቱን በሰላም ያያል። ቤቱ ከ609 ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ጩኸት አይፈቀድም፤ ጩኸቱን ከኋላ ባለው አደባባይ፣ በ1667 በቆመው የቤርኒኒ የድንጋይ ዝሆን ፊት ማውጣት ይቻላል። ዝሆኑ በጀርባው የግብፅ ሐውልት ተሸክሟል።

ስለ አካሄድ ጥቂት ነገር። የመሐል ከተማው መንገድ በጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ኮረኮንች ነው፤ ትንንሽ ጎማ ያለው የሕፃን ጋሪ ይንገጫገጫል፣ ማዘያ ይሻላል። የስፔን ደረጃዎች ላይ መቀመጥ ከ2019 ጀምሮ እስከ 250 ዩሮ ያስቀጣል፤ የደከመው ልጅ መሆኑ አያድንም። ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከአዋቂ ጋር በአውቶቡስና በሜትሮ በነጻ ይሄዳሉ። ብዙ ምግብ ቤቶች ከምሳ በኋላ ዘግተው የሚከፍቱት ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ የልጅ ሆድ እስከዚያ አይጠብቅምና በመቀስ እየተቆረጠ በሚዛን የሚሸጠው ፒዛ ነፍስ አድን ነው። እንጀራ ያማረው ደግሞ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት አያጣም።

በቀን አንድ ትልቅ ቦታ፣ ከዚያ አንድ የልጆች ነገር የሚለው ስሌት ያዋጣል። ለምሳሌ በላርጎ አርጀንቲና፣ ዩልየስ ቄሳር በተገደለበት ሥፍራ፣ ዛሬ ፍርስራሹ መሐል ድመቶች ይኖራሉ። በጃኒኮሎ ኮረብታ በየቀኑ ልክ እኩለ ቀን ላይ መድፍ ይተኮሳል፤ ልማዱ የተጀመረው በ1847 የከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት ደወላቸውን በአንድ ሰዓት እንዲደውሉ ነው።

ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ግን በየትኛውም የጉብኝት መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ የማይገኝ አንድ ቦታ አለ፤ ፖርታ ካፔና አደባባይ፣ ከተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት። የፋሺስት ጦር በ1937 የወሰደው የአክሱም ሐውልት እስኪመለስ ድረስ የቆመው እዚህ ነበር። ወደ 24 ሜትር የሚረዝመው ሐውልት ሦስት ቦታ ተከፍሎ በ2005 በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም ገባ፤ በ2008 ተተክሎ ተመረቀ። ልጅ እዚህ የሚያየው ሐውልት ባይኖርም የሚሮጥበት መንገድ አለ። መስከረም 10 ቀን 1960 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ምሽት፣ አበበ ቢቂላ በኦሊምፒክ ማራቶን በባዶ እግሩ በዚህ አለፈ። እሱና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን መንገዱን አስቀድመው ሲያዩ፣ የመጨረሻው ሩጫ ከሐውልቱ አጠገብ እንዲጀመር መምረጣቸው ይነገራል። ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ።

ከአደባባዩ እስከ ቅስቱ ያለው የሳን ግሬጎርዮ ጎዳና ቀጥ ያለና በዛፍ የተከበበ ስለሆነ ትንሽ ልጅም ይሮጠዋል፤ ሩጫው የሚያልቀውም ኮሎሲየም ደጃፍ ላይ ነው። ከፍ ላሉት ደግሞ ማራቶኑ ያለፈበት የአፒያ ጥንታዊ መንገድ እሁድ እሁድ ለመኪና ይዘጋል፣ ብስክሌትም ይከራያል፤ የጥንቱ ንጣፍ በተጋለጠበት በኩል ግን ወርዶ መግፋት ግድ ይላል።