የዲቃላ በቆሎ ጉልበት ለምን በዓመቱ ይከዳል?

በቆሎ ሲሰበሰብ አርሶ አደሩ ወፍራሙንና ፍሬው የሞላውን ዛላ ይመርጥና ነቀዝ እንዳይደርስበት ከምድጃው በላይ ጭስ በሚያገኘው ቦታ ይሰቅለዋል። ይህ ለከርሞ ዘር ነው። ጤፍና ስንዴም ከራስ ጎተራ እየተመረጡ ዘር ሲሆኑ ኖረዋል። ዲቃላ በቆሎ ላይ ግን ይህ ልማድ አይሠራም። በዓመቱ ማሳው ላይ አንዱ ረጅም ሌላው አጭር፣ አንዱ ቀድሞ ያበበ ሌላው የዘገየ ይሆናል፤ ምርቱም ይቀንሳል። መሬቱና ማዳበሪያው ያው ሆኖ ሳለ ታዲያ ምን ጎደለ?

መልሱ ያለው ዘሩ ውስጥ ነው። ዲቃላ ለማውጣት ተመራማሪዎች በመጀመሪያ አንድን የበቆሎ ተክል በራሱ ብናኝ ብቻ ለተከታታይ ትውልዶች ያራቡታል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ንጹሕ መስመር አጭርና ደካማ ነው። ሁለት የማይዛመዱ ንጹሕ መስመሮች ሲዳቀሉ ግን ልጁ ከሁለቱም ወላጆቹ በልጦ ይወጣል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆርጅ ሻል ይህን በበቆሎ ላይ ተመልክቶ እ.ኤ.አ. በ1908 ጽፏል። ከባኮ ምርምር ማዕከል የወጡት ቢኤች 540 እና ቢኤች 660 መነሻቸው ይኸው አሠራር ነው።

ተክል ዘረመሎቹን በጥንድ ይይዛል፤ አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት። ዘረመል መኖሩ ብቻ ግን በቂ አይደለም፤ ሥራ ላይ መዋል አለበት። ሥራ ላይ ያልዋለ ዘረመል እንዳልተከፈተ መጋዘን ነው። በቆሎ ከ30 ሺህ በላይ ዘረመሎች አሉት። ተመራማሪዎች ወላጆችን ከዲቃላው ጋር ሲያነጻጽሩ በእናት ብቻ ወይም በአባት ብቻ ይሠሩ የነበሩ ብዙ ዘረመሎች በዲቃላው ውስጥ አብረው ሲሠሩ አግኝተዋል። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት አርሶ አደሮች በመቀናጆ ጥማድ እንደሚያሟሉት ማለት ነው።

የዲቃላ ጉልበት ምንጭ ግን ይህ ብቻ አይደለም። ከአንዱ ወላጅ የመጣ ደካማ ዘረመል ከሌላው በመጣው ጠንካራ ዘረመል ይሸፈናል፤ ዘረመሎቹ የሚሠሩበት መጠንና ጊዜም ድርሻ አለው።

ዲቃላው ራሱ ሲያፈራ መቀናጆው ይፈርሳል። ከሁለት ንጹሕ መስመሮች በተገኘ ዲቃላ ላይ አንድን ጥንድ ብንመለከት፣ በአማካይ ከአራት ልጆች ሁለቱ ብቻ የእናትንም የአባትንም ይይዛሉ። አንዱ የእናትን ብቻ፣ አንዱ ደግሞ የአባትን ብቻ ይወርሳል። ጥምረቱ በአንድ ትውልድ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ትልቁን ዛላ መርጦ መስቀልም ይህን አያስቀርም፤ ዛላውን ትልቅ ያደረገው ጥምረቱ ነውና።

ስለዚህ ዲቃላ የሚዘራ አርሶ አደር በየዓመቱ አዲስ ዘር መግዛት ይኖርበታል። ለአንድ ሄክታር የሚመከረው 25 ኪሎ ግራም ነው። ሲገዛም ከረጢቱ ያልተከፈተ መሆኑንና የዝርያው ስም የተጻፈበት መሆኑን ማየት ይገባዋል።

አዲስ ዘር በየዓመቱ መግዛት ለማይችል አርሶ አደር ነፃ ተዳቃይ ዝርያዎች አሉ። ጊቤ 1፣ እርጥበት ለሚያጥራቸው አካባቢዎች ደግሞ መልካሳ 2 ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ምርታቸው ከጥሩ ዲቃላ ቢያንስም ዘራቸው ለጥቂት ዓመታት ተመርጦ ሊዘራ ይችላል። ዘሩ ሲመረጥ ከሌላ በቆሎ ጋር ከሚዋሰነው ዳር ሳይሆን ከማሳው መሃል፣ ከብዙ ተክሎች ቢሆን ይመረጣል።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ሥራም እዚህ ላይ ነው። ዝናቡ ጥሎ፣ መሬቱ ታርሶ ዘሩ ካልደረሰ፣ አርሶ አደሩ ቀና ብሎ ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን ዛላ ማውረዱ አይቀርም። በዚያን ጊዜ ስለ ዲቃላ የተሰጠው ትምህርት ሁሉ ዋጋ ያጣል።