የድሮ የቅንጦት መኪና፡ ማዘመን ወይስ እንደነበረ ማቆየት?

ሃምሳ እና ስድሳ ዓመት ያስቆጠረ የቅንጦት መኪና በእጁ የገባ ሰው ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። መኪናውን ለዛሬ መንገድ እንዲመች ማዘመን ይሻላል ወይስ ከፋብሪካ እንደወጣ ማቆየት?

ቀለም እንደገና ይቀባል፣ ጎማም ይቀየራል። አብሮት የተሠራው ሞተር ከጠፋ ግን መኪናው ወደ ቀደመ ማንነቱ አይመለስም። ስለዚህም ከውሳኔው በፊት መታየት ያለበት ለውጡ የሚመለስ መሆን አለመሆኑ ነው።

የጃጓር ምሳሌ

ልዑል ሃሪ እና ሜጋን ማርክል እአአ ግንቦት 2018 በሠርጋቸው ዕለት የተጓዙበት ጃጓር ኢ-ታይፕ በ1968 የተሠራ ቢሆንም የሚንቀሳቀሰው በኤሌክትሪክ ነበር።

የእንዲህ ያለው ለውጥ ደጋፊዎች መኪናው ጭስ እንደማይኖረው እና የሞተር መለዋወጫ ፍለጋ እንደሚቀር ይናገራሉ። ተቃዋሚዎች በበኩላቸው ድምፁ እና የማርሽ አቀያየሩ ከሌሉ የሚቀረው ቅርፊቱ ብቻ ነው ባዮች ናቸው።

ሆኖም የጃጓር መሐንዲሶች ባትሪውን በመጠንም በክብደትም ከቀድሞው ሞተር ጋር አቀራርበው በዚያው ቦታ ስለገጠሙት ሞተሩን መልሶ መግጠም ይቻላል።

ዓለም አቀፉ መስፈርት

ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን (ፊቫ) አንድን ተሽከርካሪ ጥንታዊ የሚለው ቢያንስ 30 ዓመት ሲሞላው፣ ታሪካዊ ይዘቱን ሲጠብቅ እና ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማይውል ሲሆን ነው።

ፊቫ በ2019 ይፋ ባደረገው አቋም ወደ ኤሌክትሪክ የተቀየረ መኪና በዚያ ይዞታው እያለ ጥንታዊ ተብሎ አይቆጠርም። መቀየሩን ለመረጡ ባለቤቶች ግን ለውጡ የሚመለስ እንዲሆን፣ የተፈቱት ዕቃዎችም ምልክት ተደርጎባቸው እንዲቀመጡ ይመክራል።

ሁሉም ለውጥ እኩል አይደለም

በርካታ የድሮ ሞተሮች የተሠሩት እርሳስ ለተቀላቀለበት ቤንዚን ነው። ከሰሃራ በታች ያሉ አገራት ይህን ቤንዚን እስከ 2006 መጀመሪያ ማስቀረታቸው ለጤና ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን የአንዳንድ ሞተሮች የቫልቭ መቀመጫ ያለ እርሳስ ቶሎ ይበላል። መቀመጫውን በጠንካራ ብረት መተካት የመኪናውን መልክ ሳይነካ ሞተሩን ያተርፋል።

የደኅንነት ቀበቶ መጨመርም ሕይወት ያድናል። ዳሽቦርዱን ቆርጦ ስክሪን መግጠም ግን ጉዳቱ የሚጠገን አይደለም።

ጉዳዩ በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏን አስታውቃለች። ኤሌክትሪኳ በአብዛኛው ከውኃ ኃይል ለሚመነጭባት እና ነዳጇን በውጭ ምንዛሪ ለምትሸምት አገር ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር የሚያጓጓ ሐሳብ ነው።

በሌላ በኩል ክልከላው በሥራ ላይ እስካለ ድረስ፣ በአገር ውስጥ ያሉት የድሮ የቤንዚን መኪኖች ከተበላሹ የሚተካቸው አይገባም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ቤተ መንግሥትን እንዳገለገሉት ሮልስ ሮይስ እና መርሰዲሶች ያሉት ደግሞ የአገር ታሪክ ምስክሮች ናቸው።

ባለቤቱ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት የሻንሲ እና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ማመሳከር፣ እያንዳንዱንም ክፍል ፎቶ ማንሳት ይኖርበታል። ሁሉም ከመነሻው ያለ ከሆነ ማቆየቱ ይመረጣል። ሞተሩ ቀድሞ የተቀየረ ከሆነ ግን ማዘመኑ የሚያሳጣው ነገር ጥቂት ነው።